የሽቦው ስልክ ከመነቀሉ በፊት

ለነጋዴ ስልክ ማለት ሁለተኛ ምላስ ማለት ነው። በደባርቅና በዳባት ከተሞች ቤቱንና ሱቁን በአንድ ግቢ ያደረገ ባለመደብር የጎንደርን የጅምላ ዋጋ የሚጠይቀው፥ የእህሉን ጭነት መነሣት የሚያረጋግጠው፥ በሊማሊሞ ቁልቁለት የሚወርደውን ሾፌር የሚከታተለው በስልክ ነው። ወደ ሳንቃ በር ለሚወጡ ጎብኚዎች ስንቅ የሚያቀርበውም ትእዛዙን የሚቀበለው በዚሁ ነው። በ058 የሚጀምረው ቁጥር በመደብሩ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ፥ በደረሰኙ ላይ ታትሞ፥ በደንበኛው ማስታወሻ ደብተር ሰፍሮ ሲኖር ከባለቤቱ ስም እኩል የሚታወቅ ሀብት ይሆናል።

በአሁኑ ጊዜ ይህን የሽቦ ስልክ አስነቅሎ በምትኩ በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ ማስገባት ይሻላል የሚል አሳብ አለ። አሳቡ መሠረት የሌለው አይደለም። በዚህ አሠራር የተናጋሪው ድምፅ ወደ ቁጥር ተለውጦ፥ በትንንሽ ክፍል ተከፋፍሎ፥ ከሌላው መልእክት ሁሉ ጋር በአንድ መሥመር ይጓዛል። የአንድ ሰዓት ንግግር በተለመደው አሠራር መጪውና ሂያጁ ተደምሮ 80 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ድምፁ ሲጨመቅ ደግሞ ከዚያ በጣም ያንሳል። በውጭ አገር ካለ ገዢ ጋር ዘወትር የሚነጋገር ላኪ በዚህ የሚያተርፈው ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ አስመጪውም በሄደበት ከተማ ሁሉ በአንድ ቁጥር ሊገኝ ይችላል።

ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባንና ሐረርን ያገናኘውን የ477 ኪሎ ሜትር መሥመር ባዘረጉበት ዘመን አዲሱን ነገር በጥርጣሬ የተመለከቱ ብዙዎች ነበሩ፤ የተጠቀመው ግን የቀረበው እንጂ የሸሸው አይደለም። ዛሬም አዲሱን መሣሪያ መጥላት አይገባም። ዳሩ ግን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት በነጋዴው ላይ እንዳይፈጸም ሦስት ነገሮች አስቀድመው መመርመር አለባቸው።

የመጀመሪያው የመብራት ነገር ነው። ተራው የሽቦ ስልክ የሚሠራበትን ኃይል፥ ይኸውም 48 ቮልት ገደማ፥ የሚያገኘው በዚያው በመዳብ ሽቦ ከስልክ ማዕከሉ ነው። ስለዚህ የማዕከሉ ባትሪ እስከ በረታ ድረስ በከተማው መብራት ቢጠፋም ስልኩ ይሠራል። የኢንተርኔቱ ስልክ ግን የሚሠራው በሞደም ነው፤ ፋይበር የሚባለውም የመስተዋት ክር መልእክት እንጂ ኤሌክትሪክ አያመላልስም። መብራት ሲጠፋ ሞደሙ፥ ከሞደሙም ጋር ስልኩ ዝም ይላል። መፍትሔው ሩቅ አይደለም፦ 10 ዋት የሚፈጅ ሞደም 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት በሚይዝ አነስተኛ ባትሪ በስሌት 8 ሰዓት ገደማ፥ በተግባር ግን ከዚያ ያነሰ ጊዜ ይቆያል። ቁም ነገሩ ባትሪው ከጨለማው ቀድሞ መገዛቱ ነው።

ሁለተኛው የመሥመሩ መቋረጥ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ መቆየቱን የክልሉ ነጋዴ አይረሳውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ንግግሩን ሁሉ በሞባይል ኢንተርኔት ላይ ያሳደረ ሰው ከአቅራቢውም ከገዢውም ይለያል፤ የውል ቀን ያልፋል፥ የሚበላሽ ዕቃ ይበላሻል፥ ደንበኛ ወደ ሌላ በር ይሄዳል። ገንዘብ የሚያስተላልፍበትም መንገድ በዚያው ክር ላይ ከሆነ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

ሦስተኛው የሕግ ነገር ነው። የ2004 ዓ.ም. የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት አማካይነት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በእስራት የሚያስቀጣ አድርጎ ደንግጓል። ኋላም አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሞ ፈቃድ የመስጠትን ሥራ ለእርሱ ሰጥቷል። ስለሆነም ርካሽ መሥመር አለኝ ከሚል ማንነቱ ካልታወቀ ደላላ ይልቅ ፈቃድ ያለውን ድርጅት መምረጥ ከኪሳራም ከክስም ያድናል።

ይህ ጥንቃቄ የደባርቅ ብቻ አይደለም። የብሪታንያ የስልክ ድርጅቶች የመዳቡን ስልክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2025 መጨረሻ ሊዘጉ ወስነው ሳለ፥ በስልኩ ሕይወታቸው የተመሠረተ ሕሙማንና አረጋውያን እንዳይጎዱ ቀኑን ወደ ጥር 2027 አራዝመዋል። የአገሩ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ሌላ ስልክ ለሌለው ደንበኛ መብራት ሲጠፋ ቢያንስ ለ1 ሰዓት የአደጋ ጥሪ ማድረግ የሚያስችል መሣሪያ እንዲቀርብለት አሳስቧል። በዚያ አገር ይህን ያህል የታሰበበት ጉዳይ እዚህ በችኮላ የሚፈጸም አይደለም።

በሁለት መሥመር ሁለት ኪራይ መክፈል ከንቱ ወጪ ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን መደብሩን በሌሊት ለሚጠብቅ ዘበኛ ደመወዝ የሚከፍል ነጋዴ ሌባ ያልመጣበትን ሌሊት እንደ ኪሳራ አይቆጥረውም። የሽቦውም ስልክ ኪራይ እንደዚሁ ነው።

እንግዲህ ነጋዴው አዲሱን ስልክ ያስገባ፤ የቀድሞውን ግን አዲሱ በመብራትም በጨለማም ተፈትኖ እስኪታይ ድረስ አያስነቅል። የንግድ ምክር ቤቶችም በበኩላቸው አገልግሎት ሰጪዎቹ የደንበኛውን ነባር ቁጥር ጠብቀው እንዲያዛውሩ፥ ከሞደሙ ጋር ባትሪ እንዲያቀርቡ፥ መሥመሩ የሚቋረጥበትንም ጊዜ አስቀድመው በጽሑፍ እንዲያስታውቁ ሊጠይቁ ይገባል። ሥልጣኔ የሚጠቅመው አዲሱን በመቀበል ብቻ ሳይሆን፥ የሚቀበሉበትን ጊዜና ሁኔታ በማወቅ ጭምር ነው።