ክሳት ካሳ አይደለም

በአማርኛ «ከሳ» እና «ካሰ» የሚባሉ ሁለት ግሦች አሉ። በድምፅ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በትርጉም ግን ባዕዳን። የመጀመሪያው የሥጋን መጉደል ይናገራል፤ ሁለተኛው በዳይ ለተበዳይ የሚከፍለውን ዋጋ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በከተሞቻችን አንድ ትምህርት ገብቶ ሁለቱን ግሦች ያለ ፈቃዳቸው አጋብቷቸዋል። ትምህርቱ በአጭሩ ይህ ነው፦ መክሳት የሚፈልግ ሰው ይብላ፤ ነገር ግን የበላውን በላቡ ይካስ። ክትፎ በልተሃል? እንግዲያው ሩጥ። ጠጅ ጠጥተሻል? እንግዲያው ነገ ማለዳ ገመድ ዝለዪ። ገበታው በደል፣ ሩጫው ካሳ። ይህንንም «ማመጣጠን» ይሉታል።

እኔ ይህን ትምህርት እቃወማለሁ። የምቃወመው ለስብ ጥብቅና ለመቆም ብዬ አይደለም። ሐኪም «ክብደትህን ቀንስ» ብሎ ከመከራቸው ሰዎች አንዱ ነኝና ጉዳዩ ለእኔ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ቀበቶዬ በየማለዳው ያስታውሰኛል። የምቃወመው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሒሳቡ ሐሰት ነው። ሁለተኛ፣ ሒሳቡ እውነት ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ ሁለት መልካም ነገሮችን፣ ገበታንና መንገድን፣ በአንድ ጊዜ ያረክስ ነበር።

ከሒሳቡ እንጀምር። አንድ ግራም ስብ በተለምዶ ካሎሪ በምንለው መለኪያ 9 ያህል ይሰጣል፤ አንድ ግራም ስኳር 4፤ አንድ ግራም አልኮል 7። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ወደ 120 ካሎሪ ይጠጋል። በአንድ ሰው ክትፎ ላይ ሦስት ማንኪያ ቅቤ ወርዷል እንበል፤ ለጋስ እጅ ከዚህም ያልፋል። ገና ሥጋው ሳይቆጠር፣ ቆጮውና አይቡ ሳይቆጠር፣ ቅቤው ብቻ 360 ካሎሪ ሆነ። በሌላ ወገን፣ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚያወጣው ጉልበት፣ በግምት፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ 1 ካሎሪ ነው። ስለዚህ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው የቅቤውን ዕዳ ብቻ ለመክፈል ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ አለበት፤ በእግሩ የሚሄድ ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ይጠብቀዋል። ሳህኑ ግን ባዶ የሆነው በሃያ ደቂቃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረውን ታላቁ ሩጫን እንውሰድ። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ያው 70 ኪሎ የሚመዝነው ሰው ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳያቋርጥ ቢሮጥ ወደ 700 ካሎሪ ያወጣል። ከዚያ ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ ሁለት ጠርሙስ ቢራና አንድ ጥብስ በእንጀራ ቢያዝ፣ የማለዳው ላብ ከነሜዳሊያው በአንድ ቁጭታ ተበልቷል። ይህን የምለው ጥብሱን እንዲተው አይደለም። «ከፈልኩት» ብሎ ራሱን እንዳይሸነግል ነው።

ሰውነትም ቢሆን የሱቅ ዱቤ መዝገብ አይደለም። ኸርማን ፖንትዘር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው ጥናት፣ በሰሜን ታንዛኒያ እያደኑና ሥራ ሥር እየቆፈሩ የሚኖሩትን የሐድዛ ሰዎች የዕለት ጉልበት ለክቶ ነበር። ሐድዛዎች ከእኛ ከቢሮ ሰዎች እጅግ አብልጠው ይራመዳሉ። ሆኖም የሰውነት መጠን ልዩነት ታስቦ ሲነጻጸር፣ በቀን የሚያወጡት ጠቅላላ ጉልበት ከምዕራባዊው ከተሜ ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኘ። የፖንትዘር ማብራሪያ ሰውነት በአንዱ በኩል ሲያወጣ በሌላው በኩል ይቆጥባል የሚል ነው። ማብራሪያው እስከ የት እንደሚያስኬድ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከሩበታል። ለእኛ ክርክር ግን የሚበቃን ይህ ነው፦ «ይህን ያህል ሮጥኩ፤ ይህን ያህል ይቀነስልኝ» ብለን የምናቀርበውን ደረሰኝ ሰውነት እንዳለ አይቀበልም።

አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ። ክብደት የጨመረብን በአመዛኙ ሳህኑ ሆኖ ሳለ የምንገርፈው እግራችንን ነው።

እዚህ ላይ ችኩል አንባቢ «እንግዲያው መንቀሳቀስ ከንቱ ነው ማለትህ ነው» ሊለኝ ይችላል። ፈጽሞ አይደለም። ይልቁንም መንቀሳቀስን ያዋረደው እርሱን የቅቤ ሒሳብ ከፋይ ያደረገው ትምህርት ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት የለንደንን ባለ ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች አነጻጽሮ ነበር። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ትኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። በዚያው አውቶቡስ፣ በዚያው ከተማ፣ የልብ ሕመም ትኬት ቆራጮቹን ከሹፌሮቹ ባነሰ መጠን ሲያጠቃ ታየ። ትኬት ቆራጩ ደረጃውን የወጣው ቁርሱን ሊያካክስ አልነበረም፤ ሥራው ስለሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ሲመክር፣ ከበላ የሚሮጥ፣ ካልበላ የሚተኛ ብሎ አልለየም። እንቅስቃሴ ለልብ ነው፤ ለጡንቻ ነው፤ ለእንቅልፍ ነው፤ የቀነሰ ክብደት ተመልሶ እንዳይመጣም ይረዳል። ይህ ሁሉ ዋጋ ያለው ነገር ወደ ቅጣት ሲወርድ ዝም ማለት ይከብደኛል።

ቅጣት ማለቴ ለማጋነን አይደለም። ያረፈደ ተማሪ ሜዳውን እንዲዞር የሚታዘዝበትን ትምህርት ቤት ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ልጅ በነበርንበት ጊዜ ሩጫ ለጥፋት የሚከፈል ዋጋ መሆኑን ተማርን፤ ጎልማሳ ስንሆን ደግሞ ጥፋቱ ክትፎ ሆኖ፣ ሜዳው የስፖርት ቤት መሮጫ ማሽን ሆኖ፣ ቀጪውም ተቀጪውም እኛው ሆንን። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ባሸነፈባት ምድር፣ ሩጫ ከድል ዜማነት ወደ ቅጣት መውረዱ አያሳዝንም? የሚቀጣ ሰው ቅጣቱን የሚወድበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ በመስከረም የተከፈለ የስፖርት ቤት ክፍያ በጥቅምት ይረሳል። ሰውየውን ሰነፍ አትበሉት። ማን ነው ወደ እስር ቤቱ በየማለዳው በፈቃዱ የሚመላለስ?

የገበታው ውርደት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። «ክሳት» እና «ካሳ» ሦስተኛ ጎረቤት አላቸው፤ እርሱም «ክስ» ነው። ይህ ትምህርት በገባበት ቤት ገበታ የክስ መዝገብ ይሆናል። ሃምሳ አምስት ቀን የተጾመበት ዐቢይ ጾም አልፎ፣ የፋሲካ ሌሊት ዐሥራ ሁለት ብልቷ የተሟላ ዶሮ ስትቀርብ፣ እናት ከሌሊቱ በየትኛው ሰዓት እንደ ተነሣች፣ ሽንኩርቱ ስንት ሰዓት እንደ ቁላላ፣ እንባዋ ስንት ጊዜ እንደ ፈሰሰ ሳይታሰብ፣ በገበታው ዙሪያ ያለች ወጣት ልጅ ግን በልቧ ቁጥር ትደምራለች። እንቁላሉ ይህን ያህል፤ ቁሌቱ ይህን ያህል፤ ነገ ይህን ያህል ደረጃ። እጇ ወደ እንጀራው ይዘረጋል፤ ዓይኗ ግን ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ነው። እኔን ዝም እንዳልል ያደረገኝ ከቅቤውና ከኪሎው ይልቅ ይህ የልጅቱ ዓይን ነው። የበላችው ዶሮ ከሁለት ቀን በኋላ ይረሳል፤ መብላት ጥፋት ነው የሚለው ትምህርት ግን በቀላሉ ከሰው አይወጣም።

የሚገርመው ነገር፣ ይኸው ትምህርት የሚያስጨንቀውን ያስጨንቅና ሌላውን ደግሞ ፈቃድ ይሰጠዋል። ማለዳ ግማሽ ሰዓት የሮጠ ጎልማሳ ማታ «መብቴ ነው» ብሎ ይቀመጣል። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» እንደ ተባለው፣ የማለዳው ሩጫ ገና ሲጀመር የማታው ቁርጥ ይታሰባል። ላቡ የመግቢያ ትኬት ሆነ ማለት ነው። አንዷን በዕዳ አስሮ ሌላውን በብድር የሚያሰክር ትምህርት ሚዛን ነኝ ቢል ማን ያምነዋል?

«እሺ፣ ታዲያ ሰው በምን ይቀንስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ አልሸሸውም። መልሴ የድግሱን ቀን ለድግሱ ትቶ፣ ማንም የማያየውን ተራውን ቀን መመርመር የሚል ነው። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ከስኳሩ ብቻ 190 ካሎሪ ያህል ያገኛል፤ በሳምንት 1,300 ያልፋል። እሑድ የበላው ክትፎ በስሙ ሲወገዝ፣ ሻዩ በየዕለቱ በጸጥታ አልፎታል። የጾሙን ወጥም እንመልከት። ዘይትም እንደ ቅቤ ስብ ነው፤ ማንኪያው ያው 120 ካሎሪ ነው። ሽሮው በዘይት ሲዋኝ፣ ሳንቡሳው በዘይት ሲጠበስ፣ «ጾም ስለሆነ ያከሳል» ብሎ መጽናናት ጾምንም ሥጋንም አለማወቅ ነው። ጾም ከክብደት ጋር ውል አልገባም፤ የሚጾመው ለሌላ ነገር ነው። የሚያወፍረን በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚመጣው ድግስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የሚያወፍረን ያለ ርሃብ የተቆረሰው ዳቦ፣ ያለ ወሬ የተጠጣው ቢራ፣ ቴሌቪዥን እያየን ሳናየው የበላነው ነው።

እኔ በበኩሌ ድግስ ላይ አልቆጥርም፤ ቁጥሩን ለሻዬና ለዘይቴ አድርጌዋለሁ። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ በእግሬ ስወርድም የምከፍለው ዕዳ የለብኝም። የመጻሕፍት አዟሪ ባገኝ እቆማለሁ፤ ወዳጅ ባገኝ መንገዴን እቀይራለሁ። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ የአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለአንድ ማለዳ ከመኪና ነፃ ሲሆኑ፣ ሕፃናት አስፋልቱ ላይ ኳስ ሲያንከባልሉ፣ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ይዘው መሐል መንገድ ላይ ሲንጎራደዱ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ከእነርሱ መካከል ትናንት የበላውን የሚያሳድድ አልነበረም።

የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው በድግስም ቀን ቢሆን የሐኪሙን ቃል ይስማ፤ ጽሑፌ ከመድኃኒት ጋር አይጣላም። ለባለ ድግሶችም አንድ ቃል አለኝ። «በሞቴ» የፍቅር ቃል መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን «በቃኝ» ያለን ሰው ሦስት ጊዜ በሞት ማስማል ፍቅርን ወደ ግዴታ ይለውጣል። እንግዳ ሳይከሰስ ይብላ፤ ሳይከሰስም ይተው።

በመጨረሻም ወደ ቃላቱ እንመለስ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረሃብ ያየ ትውልድ «ከሳህ» ሲል ድምፁ የሚሰበረው በምክንያት ነው፤ ለእርሱ ክሳት የደረሰ መከራ እንጂ የተመረጠ መልክ አልነበረም። ለተመረጠው መልክ ቋንቋችን ሌላ ቃል አለው፦ ሸንቃጣ ይላል፤ መለሎ ይላል። እነዚህ ቃላት ከዕዳም ከፍርድ ቤትም አልተወለዱም፤ የተወለዱት የሚራመድን ሰው በአድናቆት ከሚያይ ዓይን ነው። እንግዲህ መቀነስ ያለብን እንቀንስ፤ መሮጥ የምንችል እንሩጥ። ካሳ ግን ለበደለ ሰው ይቆየው። እናቱ የሠራችውን ዶሮ የበላ ሰው ማንንም አልበደለም።