የመንደር ውልና የጉለሌ ቤት ገዢ

የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ይዞ ቤት ሊገዛ የተነሣ ሰው ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ግርጌ፣ ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም እስከ አዲሱ ገበያ ባሉት የጉለሌ ነባር መንደሮች ሲዘዋወር፣ ደላላው አስቀድሞ የሚያሳየው ግቢውን፣ የውኃ መስመሩንና የመብራት ቆጣሪውን ነው፤ ካርታ አለው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን «ሰነድ አልባ ነው፤ ችግር የለውም፣ በመንደር ውል ያልቃል» ይላል። ይህ ቃል ስንቱን ቤተሰብ ለረጅም ሙግት እንደ ዳረገ በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚውል ሁሉ ያውቀዋል።

የመንደር ውል የሚባለው ወረቀት ለተመልካች ሙሉ ሥርዓት ያለው ይመስላል። የግቢው አዋሳኞች በአራቱ ማዕዘን ተዘርዝረው፣ ሽማግሌዎች በምስክርነት ፈርመው ወይም አውራ ጣታቸውን በቀለም አትመው፣ ውሉን ያፈረሰ የሚከፍለው ገደብ ተወስኖ፣ በመጨረሻው መስመር ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና መሆኑ ይጻፍበታል። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው ይኸው ሕግ፣ በቁጥር 1723፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሹም ፊት እንዲደረግ ያዝዛል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህ ያልተፈጸመበት የቤት ሽያጭ እንደማይጸና ወስኗል። በኋላ በተሰጡ ውሳኔዎች ሽያጩን ያመነ ሻጭ በፎርም ጉድለት ከውሉ ማምለጥ እንደማይችል ስለ ተገለጠ፣ ዛሬ በቃሉ የጸናው ሻጭ ሲገደድ በሽማግሌዎች ፊት የሰጠውን ቃል የካደው ነጻ ሊወጣ የሚችልበት ሁኔታ ተፈጥሯል፤ ይህም ለርትዕም ለኅሊናም የሚከብድ ነገር ነው።

ውሉ በፈረሰ ጊዜ ተዋዋዮቹ ወደ ነበሩበት ይመለሱ ተብሎ ይፈረዳል። ቤቱ ለሻጩ ይመለሳል፣ ገዢውም የከፈለውን ብር ይቀበላል፤ ነገር ግን ከዓመታት በፊት የተከፈለው ብር፣ ይልቁንም ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ፣ ያን ቤት ቀርቶ ግማሹን እንኳ አይገዛም።

ሕጉ ጥብቅ መሆኑን አልነቅፍም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት በሁለቱም ስምምነት እንዲተላለፍ ስለሚያዝዝ፣ በጉለሌም ከወላጆች የወረደውን ቤት ብዙ ወንድማማች ሳይካፈሉት አንዱ ብቻ ተቀምጦበት ስለሚገኝ፣ የጋብቻና የውርስ ማስረጃ የሚጠይቅ የማዋዋያ ሹም ከመንደር ሽማግሌ ይልቅ ገዢውን ይጠብቀዋል። በደሉ ያለው ሌላ ስፍራ ነው። የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ካርታ የሌለውን ቤት ሽያጭ አያዋውልም፤ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው ከ1967ቱ አዋጅ አስቀድሞ በቃል ስምምነት ጎጆ ቀልሶ የተቀመጠ ሰው ልጅ ደግሞ ካርታ የለውም፤ ካርታ እንዲሰጠው ሲያመለክትም ይዞታው በ1988 ወይም በ1997 በተነሣው የአየር ካርታ መታየቱ እስኪጣራ፣ ፋይሉ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ዓመታት ያልፋሉ። በሹም ፊት ተዋዋል የሚለው መንግሥት የሹሙን በር ዘግቶበታል።

በ2017 ዓ.ም. የውጭ አገር ዜጎች የቤት ባለቤት እንዲሆኑ ሕግ ወጥቷል። እነርሱ ጠበቃ ያቆማሉ፣ ካርታ ያለውንም መርጠው ይገዛሉ፤ በሽሮ ሜዳ ጥበብ ሸምኖ ገንዘብ ያጠራቀመው ሸማኔ ግን አቅሙ የሚችለው ሰነድ አልባውን ነው። በ2006 የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 እያንዳንዱ ይዞታ ተረጋግጦ እንዲመዘገብ ደንግጓልና፣ ምዝገባው ከነዚህ መንደሮች ይጀመር። እስከዚያው ድረስ ፋይሉ በማጣራት ላይ ያለ ባለይዞታ ሽያጩን በአዋዋይ ሹም ፊት እንዲያስመዘግብ፣ ውሉም ካርታው በወጣ ዕለት እንዲጸና ይፈቀድ፤ ፍርድ ቤቶችም ውል ሲያፈርሱ ገዢው የከፈለው ገንዘብ በፍርዱ ቀን ባለው የቤቱ ዋጋ ልክ ታስቦ እንዲመለስለት የሚያስችል ድንጋጌ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያውጣልን።