የሽንት ቤቱ ጉድጓድና የውሃው ጉድጓድ

የድሬዳዋ ሰው ውሃውን ሲያማ ዘወትር የሚያነሣው በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ኖራ ነው። ይህ ኖራ ከአካባቢያችን የኖራ ድንጋይ የሚመጣ ነው፤ ቧንቧ ይደፍናል፣ ዕቃ ያበላሻል እንጂ ሕፃን አይገድልም። እኛ ግን ዛሬ ለማሳሰብ የፈለግነው ቀለምም ሽታም ጣዕምም ስለሌለው ስለ ናይትሬት ነው።

ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ባቡር ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ የምንጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ከታወቁት የውሃ ጉድጓዶች ብዙዎቹ በሳቢያን ይገኛሉ፤ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ግን ሳቢያን ራሱ የመኖሪያ ሰፈር ሆነ። ባለቤቱም ሁሉ የሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ አስቆፈረ። እንግዲህ በአንድ መሬት ላይ አንዱ ጉድጓድ ይቀበላል፣ ሌላው ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው የናይትሬት ልክ በሊትር 50 ሚሊግራም ሲሆን፣ በከተማው ውሃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከዚህ ያለፉ ጉድጓዶች መኖራቸውን አሳይተዋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ጥፋቱ ጉድጓዱን በደንብ ያላሠራው ባለቤት ነው» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ሴፕቲክ ታንክ ደህና ሆኖ ቢሠራም እንኳ የሚያስቀረው ዝቃጩን ነው፤ ፈሳሹ ወደ መሬት ይሰርጋል። በሽንት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በአፈር ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለወጣል። አፈር ብዙውን ተሐዋስ አጣርቶ ሲያስቀር ናይትሬትን ግን አይይዘውም፤ ከውሃው ጋር ይወርዳል። አንድ ቤት ብቻውን ጉዳት ላያደርስ ይችላል፤ ሺህ ቤት በጉድጓዶቹ ዙሪያ ሲሰፍር ግን ነገሩ የከተማ ጉዳይ ነው።

ኮምሊ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1945 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጸው፣ ናይትሬት በበዛበት የጉድጓድ ውሃ የተበጠበጠ ወተት የጠጡ ጨቅላዎች ደማቸው ኦክሲጅን መሸከም እያቃተው ሰውነታቸው ይጠቁራል፤ ሊሞቱም ይችላሉ። እናት ውሃውን ብታፈላው ናይትሬቱ ይብስ ይጠነክራል እንጂ አይጠፋም። ክሎሪንም ጀርም ይገድላል እንጂ ይህን አያስወግድም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። የዩኒቨርሲቲያችን የኬሚስትሪ መምህራን ይምሩን፤ እኛ ተማሪዎች ከዝናብ በፊትና በኋላ ከየጉድጓዱ ናሙና እንቅዳ፤ በአቅራቢያው ያለውን ሽንት ቤት ርቀት እንለካ። ከናይትሬቱ ጋር ክሎራይድም ይመርመር፤ ሁለቱ አብረው ከፍ ካሉ ምንጩ ሽንት ቤት ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነውና። ውጤቱም በመሳቢያ ተቆልፎ አይቅር፤ የሚጠጣው ሕዝብ ይወቀው። ከተማው ደግሞ በውሃ ጉድጓዶች ዙሪያ የሚቆፈረውን ይከልክል፤ በዚያ ያሉት ቤቶች ፈሳሽ የማያሳልፍ፣ በመኪና የሚመጠጥ ታንክ ይኑራቸው፤ ቀጥሎም የፍሳሽ መስመር ይዘርጋላቸው። እስከዚያው ለጨቅላ የሚሆን ውሃ ከተመረመረ ጉድጓድ ብቻ ይቀዳ።