ዝም አይነቅዝም?

«ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለሽማግሌ ሸንጎና ለቤተ ዘመድ ጉባኤ የተባለ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ አጥብቆ የያዘው ነጋዴው ነው። ሻጭ ስለ ዕቃው የሚያውቀውን ገዢ አያውቅም፤ ገዢ ስለ ነገ ገበያ የሰማውን ሻጭ አልሰማም። የንግድ ትርፍ በከፊል የሚገኘው ከዚሁ የዕውቀት ልዩነት ነው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። አስቸጋሪው ነገር ከትርፉ ውስጥ የትኛው በድካምና በንቃት የተገኘ፣ የትኛው ደግሞ በሌላው ሰው አለማወቅ ላይ ተቁሞ የተወሰደ መሆኑን መለየቱ ላይ ነው።

በየኮሌጁ የማኔጅመንትና የአካውንቲንግ ክፍሎች የሥነ ምግባር ትምህርት ይሰጣል። ተማሪው አንድን ውሳኔ በውጤቱ መመዘን፣ በግዴታ መመዘን፣ በወሳኙ ሰው ጠባይ መመዘን የሚሉትን ሦስት መንገዶች አጥንቶ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ደብተሩን ዘግቶ ያስቀምጠዋል። ሥራ ይዞ መጋዘን ወይም ሒሳብ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ ከሥራው ጋር ዝምድና ያለው አይመስለውም። የሚገርመው ግን ከእነዚህ ክርክሮች አንጋፋ ከሚባሉት አንዱ የተነሣው በእህል ነጋዴ ጉዳይ ላይ መሆኑ ነው።

የሮድሱ መርከብ

ሮማዊው የሕግ ሰውና ፖለቲከኛ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ጉዳዩን አስፍሮታል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ ብዙ እህል ጭኖ ሮድስ ደሴት ይደርሳል። በደሴቲቱ ረሃብ ገብቶ የእህል ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ነጋዴው ብቻ የያዘው አንድ ወሬ አለ፤ እህል የጫኑ ሌሎች መርከቦች ወደ ሮድስ ሲያቀኑ በዓይኑ አይቷል። ይህን ለደሴቲቱ ሰዎች ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በተገኘው ዋጋ ይሽጥ? ጥያቄው የቀረበው ስለ አጭበርባሪ አይደለም። ነጋዴው ጨዋና አስተዋይ ሰው ነው፤ ግራ የተጋባውም ለዚህ ነው።

ባቢሎናዊው ዲዮጋንስ ለነጋዴው ይሟገታል። ሕግ የሚያዝዘውን የዕቃ ጉድለት ይናገር፣ አያታልል፤ ከዚያ በተረፈ ሻጭ ነውና በሚያወጣለት ዋጋ ይሽጥ፤ ዝም ማለትና መደበቅ አንድ አይደሉም ባይ ነው። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ደግሞ ሰው ሁሉ በአንድ ማኅበር የታሰረ ስለሆነ ሻጩ የሚያውቀው ሁሉ ለገዢው ሊነገረው ይገባል ሲል መምህሩን ይቃወማል። ሲሴሮ ራሱ ፍርዱን የሰጠው ለአንቲጳጥሮስ ነው። በእርሱ ሚዛን ዝምታ መደበቅ የሚሆነው፣ ገዢው ቢያውቀው የሚጠቅመውን ነገር ሻጩ ለራሱ ትርፍ ሲል እንዳይታወቅ ሲፈልግ ነው።

ከ1300 ዓመታት በኋላ ቶማስ አኲናስ ይኸንኑ የእህል ነጋዴ አንሥቶ መካከለኛ መልስ ሰጥቷል። ነጋዴው በደረሰበት የገበያ ዋጋ ቢሸጥ ፍትሕ አላጓደለም፤ ቢናገር ወይም ዋጋ ቢቀንስ ግን ምግባሩ ይበልጥ ያማረ ይሆናል። መልሱ ለነጋዴ ወገን ያደላ ቢመስልም ግዴታንና ደግነትን ለይቶ ማስቀመጡ የሚናቅ አይደለም። ሁሉንም ነገር ግዴታ የሚያደርግ ምክር በገበያ ቀን አይሠራምና።

ፍርድ ቤትም ገብቷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1815 ኦርጋን የተባለ የኒው ኦርሊንስ ነጋዴ 111 ትልልቅ በርሜል ትምባሆ ይገዛል። በአሜሪካና በእንግሊዝ መካከል የነበረው ጦርነት በስምምነት ማብቃቱን እርሱ ሰምቷል፤ ወሬው ግን ገና በከተማው አልተሰራጨም። የባሕሩ መዘጋት ሲያበቃ የትምባሆ ዋጋ ከ30 እስከ 50 በመቶ ዘለለ። የተሸወዱት ሻጮች ትምባሆውን አንለቅም አሉ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1817 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዋናው ዳኛ ጆን ማርሻል ገዢው የሰማውን ወሬ ለሻጩ የመንገር ግዴታ እንደሌለበት ገለጹ። ሆኖም አንዱ ወገን ሌላውን የሚያሳስት ነገር እንዳይናገርም፣ እንዳያደርግም መጠንቀቅ አለበት አሉ። በሽያጩ ጊዜ የሻጭ ወኪል ዋጋ የሚያስወድድ አዲስ ነገር እንዳለ ጠይቆ ስለነበር፣ ማታለል ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው እንደገና እንዲታይ መዝገቡ ወደ ሥር ተመለሰ።

ጥያቄ እስኪቀርብ ድረስ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። ጥያቄ ከቀረበ በኋላ ያለው ዝምታ ግን መልክ ይለውጣል። የመርካቶ ነጋዴ ይህንን ለማወቅ አሜሪካ መሄድ አያስፈልገውም።

የሐምሌ 22ቱ «የለም»

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በእነዚያ ቀናት በርካታ መደብሮች የነበራቸውን ዕቃ ወደ መጋዘን አስገቡ፤ ለጠየቀ ሁሉ የተሰጠው መልስም «የለም» የሚል ነበር። የንግድ ቢሮ ሠራተኞችም ያለ አግባብ ዋጋ ጨምረዋል፣ ዕቃ ደብቀዋል ያሏቸውን ሱቆች ማሸግ ጀመሩ።

የነጋዴው ክርክር በጥሞና መሰማት አለበት። በ10,000 ዶላር ዕቃ ያስገባ አስመጪ በባንክ ሒሳብ 570,000 ብር አውጥቷል። 15 በመቶ አትርፎ ቢሸጥ 655,500 ብር ያገኛል። አዲሱ ዋጋ 100 ብር ከሆነ ይህ ገንዘብ የሚገዛለት የ6,555 ዶላር ዕቃ ነው። አተረፍኩ ብሎ የመጋዘኑን አንድ ሦስተኛ አጣ ማለት ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቴ እንዲህ «ቢያተርፍ» ከገበያ ይወጣል። ስለዚህ በአሮጌው ዋጋ ሽጥ ብሎ ማስገደድ በጎነት የሚመስል፣ ውሎ አድሮ ግን ሱቁን ባዶ የሚያደርግ ነገር ነው።

ክርክሩ ሙሉ የሚሆነው ግን ዕቃው በእርግጥ በ57 ብር ሒሳብ የገባ ከሆነ ነው። ባንክ ወረፋ ደርሷቸው በዚያ ዋጋ ያስገቡ ነበሩ። ብዙዎች ግን ዶላሩን ያገኙት በጥቁር ገበያ ከመቶ ብር በላይ ከፍለው እንደነበር ራሳቸው ነጋዴዎቹ የሚያውቁት ነው፤ የመሸጫ ዋጋቸውም ቀድሞ በዚያው ሒሳብ የተሠራ ነበር። ለእነዚህ የባንኩ ዋጋ መውጣት አዲስ ወጪ አላመጣባቸውም፤ አዲስ ምክንያት እንጂ። ሁለቱን ዓይነት ነጋዴ የሚለየው ደግሞ የራሱ መዝገብ ብቻ ነው። ገዢው አያየውም፤ ቢሮውም ሲያሽግ አላየውም።

እንግዲህ የተቆለለውን ደብተር መግለጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ውጤትን የሚመዝነው መንገድ፣ የእንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል ወገን፣ ጉዳትና ጥቅሙን ይቆጥራል። ዋጋ በግልጽ የጨመረ ሻጭ ገዢውን ያስቆጣል፤ ሆኖም ውሳኔውን ለገዢው ይተውለታል። ቁርጥ ዋጋ የፈረመ ተቋራጭ ፌሮ የጨመረ መሆኑን ካወቀ አሠሪውን ለድርድር ይጠራል፣ ወይም ሥራውን ያዘገያል፣ ወይም ኪሳራውን ቀድሞ ያሰላል። «የለም» የተባለው ግን ምንም ማስላት አይችልም። ሠራተኛ አቁሞ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፤ በመጨረሻ የጓሮውን በር የሚያውቅ ደላላ ያገኝና ከተጨመረውም ዋጋ በላይ ከፍሎ ይወጣል። በዚህ ሚዛን የዋጋ ጭማሪ ከ«የለም» ይሻላል። ይህን ደፍሮ የሚናገር ባለሥልጣን ባይገኝም፣ ዋጋ የሚጨምርን ሱቅ በችኮላ ማሸግ ነጋዴውን ወደ «የለም» ይገፋዋል።

ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ ባለሱቅን ምሳሌ አድርጎ ነበር። ልጅም ቢላክበት ዋጋ የማያበላልጥ ባለሱቅ ይህን የሚያደርገው ደንበኛ እንዳይሸሸው ብቻ ከሆነ ሥራው ትክክል ነው፤ ምግባር ግን አይባልለትም። የካንት ሌላው ጥያቄ ለሐምሌ 22 ይበልጥ ይስማማል። ሁሉም ሰው እንዲህ ቢያደርግስ? መልሱን ለማግኘት መፈላሰፍ አላስፈለገም፤ ሁሉም አደረገውና ታየ። «የለም» የሚለው ቃል ትርጉሙን አጣ። በእርግጥ ዕቃ ያለቀበት ነጋዴም አልታመን አለ፤ ደንበኛው ወደ ጓዳ እያየ ይለማመጠው ጀመር።

ጠባይን የሚመለከተው ሦስተኛው መንገድ ከባለቤቱ ይልቅ ባንኮኒው ጀርባ የቆመችውን የሽያጭ ሠራተኛ ይመለከታል። «የለም» የሚለው ቃል የሚወጣው ከእርሷ አፍ ነው። ትርፉ የአሠሪዋ ነው፤ ደንበኛው በኋላ ዕቃውን ከመጋዘን ሲወጣ ቢያየው የሚሰድበው ግን እርሷን ነው። እምቢ ብትል ደመወዟ ይቀራል፤ ለቤት ኪራይ፣ ለእናት የሚላክ ገንዘብ አለ። እርሷን በካንት ስም መውቀስ ርካሽ ነገር ነው። ጋሼ እያለች የምታከብረው አሠሪ ውሸትን እንደ ሥራ ድርሻ አድርጎ ማዘዙ ነው ሊጠየቅ የሚገባው። «ዕቃው አለ፤ ዋጋው እስኪታወቅ አንሸጥም» ብላ እንድትናገር ቢያዛት ኖሮ ቢያንስ የውሸቱ ሸክም በእርሷ ላይ አይወድቅም ነበር። አሠሪው ይህን የማይልበት ምክንያት ግን አለው፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 እጥረት ያለበትን ሸቀጥ ማከማቸትን ከልክሏል። እውነቱ ያስጠይቃል፤ ውሸቱ ካልተያዘ አያስጠይቅም። ሴትየዋ የቆመችው በእነዚህ ሁለት መካከል ነው። አንድ ዓመት እንዲህ ስትል የሰነበተች ሠራተኛ የቀን ሽያጩን ስታስረክብ ለአሠሪዋ እውነቱን ትናገራለች ብሎ መጠበቅም የአሠሪው የዋህነት ነው።

ደላላውና የተላከው ጭነት

ከሻጭና ከገዢ መካከል የቆመው ሰው ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከክፍለ ሀገር ጤፍ ጭኖ ወደ እህል በረንዳ የሚልክ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ ገዢውን በዓይኑ አያየውም። ጭነቱን የሚረከበው፣ ናሙናውን የሚያሳየው፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ደላላው ነው። ክፍያውም በኩንታል የታወቀ ነው። ጠዋት ዋጋ ከፍ ማለቱን አውቆ ለላኪው የትናንቱን ዋጋ የሚነግር ደላላ ልዩነቱን ኪሱ ሲከት በዲዮጋንስ ክርክር ሊሸፈን አይችልም። ዲዮጋንስ የተከራከረው ለሻጭ ነው፤ ደላላው ግን ሻጭም ገዢም ሳይሆን የታመነ ሰው ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንን ልዩነት ያውቀዋል። አንቀጽ 1705 በተዋዋዮች መካከል የተለየ መተማመን ካለ፣ በክፉ ልቦና ወይም በቸልተኝነት የተነገረ ሐሰት ውሉን ለማፍረስ በቂ መሆኑን ይደነግጋል። ዝም በማለቱ ሌላው ያልሆነውን ሆኗል ብሎ እንዲያምን ያደረገ ሰውም በዚያው ይታያል። የሮድሱን ነጋዴ በዚህ አንቀጽ መያዝ ያስቸግራል። ደላላውን ግን ተዋዋይ የሆነ እንደሆነ ዝምታው አያድነውም።

ገበያው ራሱም ደላላውን እየገፋው ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የዕለቱን ዋጋ በየአካባቢው በሰሌዳና በስልክ ማሳወቅ ጀመረ። ዛሬ ላኪው ዋጋ ከዘመዱ በስልክ ይጠይቃል። ደላላው ድሮ ይሸጠው የነበረው ወሬ ነበር፤ ወሬው ረክሷል። የቀረው ሸቀጥ ቃሉ ነው፤ እርሱንም አንዳንዱ በኩንታል ጥቂት ብር እየሸረፈ ይሸጠዋል።

ሒሳብ ክፍል ውስጥ

አንቲጳጥሮስ በሕግ ያሸነፈበት አንድ ገበያ አለ። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 በኩባንያ ውስጥ ሆኖ ለሕዝብ ያልተገለጸ ወሬ ይዞ አክሲዮን መግዛትና መሸጥን ከልክሏል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሲመረቅ ክልከላው ከወረቀት ወደ ሥራ የሚወርድበት ቦታ አገኘ። ከዚያ በፊት የባንክ አክሲዮን በደላላና በትውውቅ ሲሸጥ፣ ስለ ትርፍ ክፍያው ቀድሞ የሰማ ሰው ቀድሞ ይገዛ ነበር፤ ይህም ንቃት እንጂ ወንጀል አይባልም ነበር።

ልማዱ በአንድ አዋጅ አይለቅም። ባንኮች የበጀት ዓመታቸውን የሚዘጉት በሰኔ ነው፤ ጠቅላላ ጉባኤ የሚጠሩት ብዙውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ትርፉን የሚያውቁት የሒሳብ ሠራተኞች፣ ኦዲተሮች፣ የቦርድ ጸሐፊዎችና ሪፖርቱን የሚጽፉ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ እሑድ ዕለት ምሳ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ አክሲዮኑን ለመሸጥ ያሰበ ወንድሙ «ዘንድሮ እንዴት ናችሁ?» ብሎ ይጠይቀዋል። በዚያ ማዕድ ላይ «አልናገርም» ማለት በሕግ ትክክለኛው መልስ ነው። ወንድሙ ግን ከመልሱ ፊቱን ያነባል።