«ክላሲካል» ሁሉም ይሰማል፤ ሒሳቡን ማን ይክፈል?

ሮቢት የሚለው ስም የረቡዕን ገበያ ያስታውሳል፡፡ ከከሚሴ ብዙም የማትርቀው ጨፋ ሮቢት አዲስ አበባን ከደሴ በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ የጨፋ ሜዳ ከብትና እህል የሚገበያይባት ከተማ ነች፡፡ በእንዲህ ዓይነት የመንገድ ዳር ከተሞች የሙዚቃ ንግድ ሦስት መልክ አይቷል፡፡ መጀመሪያ ካሴት ነበር፤ ቀጥሎ ሲዲ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ደንበኛው ስልኩን ወይም ፍላሹን አቀብሎ ዘፈን ማስጫን ለመደ፡፡ በካሴት ጊዜ ከሽያጩ ቢያንስ ለአሳታሚው የሚደርስ ነገር ነበር፡፡ ዘፈን በጅምላ ሲጫን ግን ገንዘቡ ከጫኚው እጅ አያልፍም፡፡

ደንበኛው ዘፋኙን በስም ጠርቶ ያስጭናል፡፡ በስም የማይጠየቅ አንድ ዕቃ ግን አለ፤ እሱም በአገራችን ልማድ «ክላሲካል» የሚባለው፣ ዘፋኝ የሌለበት የመሣሪያ ሙዚቃ ነው፡፡ (አውሮፓውያን በዚህ ስም የሚጠሩት ሙዚቃ ሌላ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ገበያ ግን የራሱ መዝገበ ቃላት አለው፡፡) በረጅም መንገድ አውቶቡስ ተሳፋሪ ሲያንቀላፋ፣ በካፌ ወሬ ሲደራ፣ በሬዲዮ ማስታወቂያ ሲነበብ ከሥር የሚፈሰው እሱ ነው፡፡ ብዙ ሰው ይሰማዋል፤ የሠራውን ሰው ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፡፡ ስሙ ያልታወቀ ሠራተኛ ደግሞ ደመወዝ መጠየቂያ የለውም፡፡

የአርቲስት ኃይሉ መርጊያ ታሪክ ይህን ጉዳይ ከማንኛውም ጥናት በተሻለ ያስረዳል፡፡ አርቲስት ኃይሉ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወተው የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ፡፡ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሥራ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ከቀሩት አባላት አንዱ ሆኑ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1985 እዚያው ዋሽንግተን አካባቢ ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀዱ፤ «ሸሞንሟናዬ» ይባላል፡፡ ቀደም ሲል የለመዱትን አኮርዲዮን ይዘው፣ በሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖና በሙግ ሲንተሳይዘር እያጀቡ፣ ምቱን ለኤሌክትሮኒክ ከበሮ ትተው የሠሩት ነው፡፡ ዘፋኝ የለም፣ ትራምፔት የለም፣ ጩኸት የለም፡፡ ጫማ አውልቆ፣ ጋደም ብሎ የሚሰማ ሙዚቃ ነው፡፡

ለኢኮኖሚ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባዋል፡፡ የባንድ ሙዚቃ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ ከበሮ፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ ሁሉም ተከፋይ ናቸው፡፡ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይህን ወጪ በአንድ ሰው ሥራ ተካው፡፡ በአገር ቤትም በዚያው ዘመን ኪቦርድ ትራምፔትና ሳክስፎን ተጫዋቹን ከመድረክ ሲያወርድ ታይቷል፤ «ሙዚቃችን ሞተ» የሚለው ወቀሳም ዛሬ ድረስ አልበረደም፡፡ ወቀሳው ከፊሉ እውነት ነው፡፡ ኪቦርዱን ርካሽ ትራምፔት አድርጎ የተጠቀመበት ሰው ርካሽ ትራምፔት ነው ያተረፈው፡፡ «ሸሞንሟናዬ» ግን ማሽኑ ያልሆነውን እንዲመስል አላስገደደውም፡፡ ወጪ ቆጣቢነቱ ሌላ ዓይነት ዕቃ ፈጠረ፤ ያም ዕቃ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ገዢ አገኘ፡፡

አገኛኘቱም የሚያስገርም ነው፡፡ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ከአፍሪካ አሮጌ ካሴቶች እየሰበሰበ የሚያሳትም ነጋዴ ነው፡፡ ይህን ካሴት ያገኘው ባሕር ዳር ነበር፡፡ ባለቤቱን አፈላልጎ ሲያገኝ አርቲስት ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ ያሽከረክሩ ነበር፤ በዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥተው እንደሚለማመዱም በሰፊው ተነግሯል፡፡ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በሸክላና በሲዲ እንደገና ታተመ፡፡ አርቲስቱ ወደ ዓለም አቀፍ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አዲስ ሠርተው አወጡ፡፡ አሳታሚው ትርፉን ከአርቲስቶቹ ጋር እኩል እንደሚካፈል ይናገራል፡፡

ለአርቲስቱ ደስ የሚል ፍጻሜ ነው፡፡ ለአገሪቱ ገበያ ግን የቡናን ታሪክ ይመስላል፡፡ ካሴቱ ከባሕር ዳር እንደ ጥሬ ዕቃ ተገዛ፤ ታጥቦ፣ ታሽጎ፣ ስም ወጥቶለት የተሸጠው ሌላ አገር ነው፡፡ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ዕውቀቱ የጠፋ አለመሆኑ ነው፡፡ ካሴቱ እዚሁ፣ በእጃችን ነበር፤ ዋጋ ያወጣለት ሰው ነው የጠፋው፡፡

ከዚያ የቀጠለው ትውልድም ከዚህ መንገድ አልወጣም፡፡ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ክራርና ማሲንቆን ከኮምፒዩተር ጋር እያዋሐዱ የራሳቸውን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሠሩ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፡፡ የእንደገና «ቀን ሰው» በ2015 የወጣው በዋሽንግተን አሳታሚ ነው፤ የሚካኤል «ዘላለም» በ2016 የታተመው በኒውዮርክ ነው፡፡ ማሲንቆው ከዚህ፣ ደረሰኙ ከዚያ ማለት ነው፡፡

ወደ ጨፋ አካባቢ እንመለስ፡፡ ከአገሪቱ አራት ዋና ቅኝቶች አንዱ ስሙን የሚጋራው ከባቲ ጋር ነው፤ ባቲ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች የዚሁ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከተማ ነች፡፡ አምባሰልም እዚያው ወሎ ውስጥ ነው፡፡ «ሸሞንሟናዬ» ላይ «አምባሰል» የሚባል ሥራ አለ፡፡ ለቅኝት ኪራይ ይከፈል የሚል የለም፤ የሁሉም ነው፡፡ ነገር ግን በቅኝቱ ላይ ጉልበቱንና ጊዜውን ያፈሰሰ ሰው ቅጂ የሁሉም አይደለም፡፡

ሕጉም ይህንን ያውቃል፡፡ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ማባዛትና ለሕዝብ ማሰራጨት የባለመብቱ መብት መሆኑን ደንግጓል፡፡ በማሻሻያው፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007፣ ባለመብቶች ክፍያ በጋራ የሚሰበስብ ማኅበር እንዲያቋቁሙ መንገድ ተከፍቷል፡፡ እንግዲህ ችግሩ የአንቀጽ እጥረት አይደለም፡፡ ሚሞሪ የሚጭነውን ወጣት በፖሊስ ማሳደድ ግን መፍትሔ አይሆንም፤ አንዱ ሱቅ ሲዘጋ ሌላው በየበረንዳው ይከፈታል፡፡ ይልቅስ ልጁ ለአከፋፋይነት የቀረበ ሰው ነው፡፡ ደንበኛውን ያውቃል፣ ምን እንደሚፈለግ ያውቃል፣ ቦታም አለው፡፡ አነስተኛ ዓመታዊ ፈቃድ ከፍሎ ከሕጋዊ ክምችት እንዲጭን ቢደረግ ከሌባነት ወደ ነጋዴነት ይሻገራል፡፡ ከ2021 ጀምሮ ቴሌብር ስላለ በሳንቲም የሚቆጠር ክፍያ መሰብሰብ እንደ ቀድሞው ከራሱ ከገንዘቡ በላይ ወጪ አይጠይቅም፡፡ በ2019 የተጀመረው አውታር ሙዚቃን በስልክ ለመሸጥ መሞከሩ ሐሳቡ አዲስ እንዳልሆነ ያሳያል፤ ነገር ግን መተግበሪያ ብቻውን የገበያ ቀን ደንበኛን አይደርስም፤ ሱቁ ነው የሚደርሰው፡፡

«ክላሲካል»ን ለማስከፈል ደግሞ ከሚሞሪ ይልቅ በጅምላ ተጠቃሚው ይጀመር፡፡ ሬዲዮ ጣቢያው፣ ማስታወቂያ ሠሪው፣ የአውቶቡስ ድርጅቱ፣ ሆቴሉ አድራሻቸው የታወቀ፣ ንግድ ፈቃዳቸው የተመዘገበ ነው፡፡ ከሥር የሚያፈሱትን ሙዚቃ ስም ዝርዝር እንዲይዙ ማድረግ ብቻ እንኳ የባለመብቶቹን ማንነት ያወጣል፡፡ «ተጨማሪ ወጪ ነው» የሚል ቅሬታ መምጣቱ አይቀርም፡፡ ለመብራት ይከፍላሉ፣ ለወንበር ይከፍላሉ፤ እንግዳው ወንበሩ ላይ ትንሽ እንዲቆይ ለሚያደርገው ድምፅ አለመክፈላቸው ከልማድ ሌላ ምክንያት የለውም፡፡

ጊዜውም እየሄደ ነው፡፡ በአዋጁ መሠረት የከዋኝና የድምፅ ቅጂ አምራች መብት የሚጠበቀው ለ50 ዓመት ነው፡፡ ይህ ስሌት ለቀድሞዎቹ ቅጂዎችም ከሠራ፣ ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው የ«ጨ በለው» ሸክላ ዘመኑ በ2027 ገደማ ያበቃል፤ የደርግ ዘመን ካሴቶችም ተራ በተራ ይከተሉታል፡፡