የመማር ጠባይና የዲጂታል ትምህርት

ለትምህርት ቤት መሣሪያ መግዛት ቀላል ነው፤ ትምህርቱ በሕፃኑ ልቡና እንዲቀር አድርጎ ማሰናዳት ግን ሌላ ድካም ይጠይቃል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ትምህርት ብዙ መምህራን ያስታውሱታል። ትምህርቱ በሳተላይት፥ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይመጣ ነበር፤ በመስኮቱ የሚታየው አስተማሪ ተማሪው ይግባው አይግባው ሳይጠብቅ ይሄዳል፤ በክፍሉ የቆመው መምህርም ሊያስቆመው አይችልም ነበር።

እንግዲህ ለይፋግና ለደብረ ታቦር ልጆች የዲጂታል ትምህርት ይሰናዳ ሲባል፥ ስለ መማር ጠባይ የተመረመረውን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጕም የሌላቸውን ቃላት በራሱ ላይ እየፈተነ ካጠና በኋላ፥ በ1885 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ፥ የተጠናው ነገር አብዛኛው ወዲያው እንደሚረሳ፥ ቀን እየለዩ የደገሙትም ባንድ ጊዜ ከደራረቡት ይልቅ እንደሚጸና አስረዳ። በ2006ም ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት፥ ጽሑፉን ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ያነበቡትን በቃላቸው እንዲያወጡ የተጠየቁት ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ አብልጠው ማስታወሳቸውን አሳዩ።

ይህን ሲሰሙ የአገራችን የኔታዎች ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የሚማር ደቀ መዝሙር ቀለሙን ጥቂት በጥቂት ይቀበላል፤ የትናንቱን በቃሉ ሳያወጣ የዛሬው አይጨመርለትም። በንባብ ቤትም ሕፃኑ ከቍጥር ወደ ግእዝ፥ ከግእዝ ወደ ውርድ፥ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ በየደረጃው ይሻገራል፤ ሀሁን በተራው ብቻ ሸምድዶ እንዳይቀርም አቡጊዳ ይጠብቀዋል።

ሆኖም አባቶች ይቅር ይበሉንና፥ ከዚያው ቤት የማንወስደውም አለ። ብዙ ሕፃን ዳዊት የሚደግመው ግእዙን ሳያውቅ ነው፤ ትርጓሜው ዘግይቶ ይመጣል፥ ለብዙውም ከቶ አይመጣም። የፕላዝማው እንግሊዝኛ ያንኑ ጕድለት ደገመ።

ስለዚህ ትምህርቱን የሚያሰናዱት ሹማምንት የንባብ ቤት መምህራንን ለምክር ይጥሩ። ለታናናሾቹ ትምህርቱ በአማርኛ ይሁን፤ አጭር ይሁን፤ ጠይቆ መልስ ይጠብቅ፤ የተሳሳተውንም የት እንደ ተሳሳተ ያሳየው፤ ያለፈውን ከሦስት ቀን፥ ደግሞም ከሳምንት በኋላ መልሶ ያንሣው። ኔትወርክ በየቀበሌው ስለማይገኝ በመሣሪያው ውስጥ ተጭኖ ይምጣ። አስቀድሞም በይፋግ ባንድ ትምህርት ቤት ይሞከር፤ ከወር በኋላ ሕፃናቱ ሳይነገራቸው ይጠየቁ፤ ለሌላው ወረዳ የሚገዛውም መልሳቸው ከታየ በኋላ ይሁን።