ከቬሎው በፊት አንድ ምርመራ

ለሠርግ የሚዘጋጁ ጓደኞቼ ዝርዝራቸው ረጅም ነው፤ አዳራሽ፣ ቬሎ፣ ካሜራ፣ መልስ። የኤችአይቪ ምርመራም አይረሳም። ሩቤላን ግን አንዷም ጽፋው አላየሁም። (በማርኬቲንግ ዓይን ካየሁት ጥፋቱ የስሙ ነው፤ «የጀርመን ኩፍኝ» ሲባል ማን ይመለከተኛል ይላል?)

በሽታው ለአዋቂ ቀላል ነው። ትንሽ ትኩሳት፣ ትንሽ ሽፍታ፣ አንዳንዴም ምንም ምልክት የለውም። ጣጣው ለጽንሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ የዓይን ሞራ ይዘው የተወለዱ ሕፃናት ቢበዙበት የእናቶቻቸውን ታሪክ አጣራ፤ አብዛኞቹን በእርግዝናቸው መጀመሪያ ሩቤላ ይዟቸው ነበር። እናት በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ከተያዘች ጽንሱ የመጎዳት ዕድሉ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል፤ ዓይኑ፣ ጆሮው፣ ልቡ።

«እኔ እኮ ልጅ ሳለሁ ተከትቤያለሁ» የምትሉ አትጠፉም። የእኛ ዕድሜ ሴቶች በ9 ወራችን የወሰድነው መደበኛ የኩፍኝ ክትባት ግን ሩቤላን አይጨምርም። ለኩፍኙም ቢሆን አንድ ዶዝ ሁሉንም ሰው አይከላከልም፤ ነፍሰ ጡርን ሲይዝ ደግሞ ለሳንባ ምች፣ ለውርጃና ያለጊዜ ለመውለድ ያጋልጣል።

የመከላከል አቅም መኖር አለመኖሩ በደም ምርመራ ይታወቃል። ዋናው ጊዜው ነው። ክትባቱ ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሚሠራ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ከተከተቡ በኋላም ለማርገዝ ቢያንስ አንድ ወር መቆየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለማርገዝ ስታስቡ ሐኪማችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። ካረገዛችሁ ደግሞ ትኩሳትና ሽፍታ ካለበት ሰው ራቁ፤ አጠገቡ ከነበራችሁም ቀጠሯችሁን ሳትጠብቁ ለሐኪም ንገሩ። ክትባቱን ከወለዳችሁ በኋላ፣ እያጠባችሁም ቢሆን፣ መውሰድ ትችላላችሁ።